ላንካስተር አልነበረም

…ሁለት ነጥብ ሁለት ነው፣ የሃሊፋክስ ሁለት ነጥብ ሁለት፣ የላንካስተር ሁለት ነጥብ አንድ፣ ከመቶ በረራ ያልተመለሰው ይኼው ነው፣ ለዚች ለአንድ አሥረኛ ነው ሰማንያ ዓመት ሙሉ አንዱን ቦምብ ጣይ ንጉሥ፣ ሌላውን አሽከር አድርገው የኖሩት፣ እና እኔ ሰረቀብርሃን፣ ጎንደር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ስታቲስቲክስ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ዛሬ ሳን ሆዜ የአረጋውያን ቤት ሽማግሌ የማጥብ፣ ሰማንያ ቅጂ ውሸት ከኋላ ወንበር ጭኜ ከኦክላንድ በ880 አውራ ጎዳና ቁልቁል እነዳለሁ። ውሸቱን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም።

አምስት ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ አሁን ሦስት ተኩል፣ ቅዳሜ ነው መንገዱ ይከፈታል ብዬ ነበር፣ ሄይዋርድ ላይ ቆመናል። መታሰቢያው የሚስተር ሄድሊ ነው፣ ሌናርድ ሄድሊ፣ መቶ አንድ ዓመታቸው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዙ ቦምብ ጣይ በሃሊፋክስ ላይ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ከዚያ ወዲህ ሰባ ዓመት የካሊፎርኒያ ሰው፣ የመጨረሻውን ሦስት ዓመት ደግሞ የእኔ ሰው። ከኋላ የጫንኩት የመታሰቢያ ወረቀት ላይ ግን ላንካስተር ይላል። ሽፋኑ ላይ የላንካስተር ሥዕል፣ ውስጡ የእኔ ድርሰት፣ በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ዜማው የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ነው፣ በዝነኛው ላንካስተር ሰማይ የሰነጠቁ ጀግና። ዝነኛው የሚለውን ማን ጨምር አለህ? ማንም። ልጃቸው ጆአን ላንካስተር በልልን ብቻ ነው ያለችው፣ ዝነኛውን ከራሴ መረቅኩ፣ የሰማይ መሰንጠቁንም።

ልማድ ነው፣ ክፉ ልማድ። ኦክላንድ ውስጥ የእኛ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለቄሱ ይደወላል፣ ቀጥሎ ለእኔ፣ ቲቸር፣ እባክህ የሕይወት ታሪኩን፣ ነገ ቀብሩ ላይ ይነበባል። ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፣ እጄ ብቻውን ያውቀዋል፣ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው። ሚስቱን የደበደበ ሁሉ ቤተሰብ ወዳድ ይሆናል፣ ወንድሙን የካደ ሁሉ ቸር። ሙት ወቃሽ አያድርገን ይባላል፣ እሺ አንወቅስም፣ ግን ከመውቀስ ወዲህ አለመዋሸት የሚባል ቦታ የለም ወይ? እዚያ ቦታ ላይ ቆሜ አላውቅም። አርባ ሦስት ሰው አስቀብሬያለሁ በዚህ እጅ፣ አርባ ሦስቱም ደጎች።

ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ጆአን ስትጠራኝ እጄ ቀድሞኝ ተስማማ። ጆአን ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ በእኛ ወግ አንቱ የምትባል፣ እሷ ግን የመጀመሪያ ቀን ጆአን በለኝ ብላ ገላግላኛለች። ደግ ሴት ናት፣ ክፋት የለባትም፣ ያ ነው ችግሩ። አባዬ ይወድህ ነበር አለች፣ ሦስት ደቂቃ ተናገርልን፣ ወረቀቱንም አንተ ጻፍልን፣ አንድ ነገር ብቻ፣ አውሮፕላኑን ላንካስተር በለው። ሃሊፋክስ ሲሉት ሰው ካናዳ ያለውን ከተማ ነው የሚያስበው፣ ላንካስተር ግን ልጆቹም ያውቁታል፣ ለጋዜጣውም የሰጠሁት እሱን ነው፣ ያው አንድ ነው አይደል? እሺ አልኳት። ደስ ይለኛል አልኩ። ያው አንድ ነው አይደል ስትለኝ በአፌ እሺ፣ በአንጀቴ ሰባቱ የአውሮፕላኑ ሰዎች ሲወድቁ።

እሺ የሚባለውን ቃል ከአፌ የሚነቅልልኝ የጥርስ ሐኪም አጥቼ ነው። ለሟቹም እሺ ብያለሁ። የካቲት ላይ ነው፣ ጢማቸውን እየላጨኋቸው፣ ሰረቀ አሉኝ፣ ስሜን አስተካክለው የሚጠሩ ብቸኛው ፈረንጅ እሳቸው ነበሩ፣ ስሞት ላንካስተር ውስጥ ይከቱኛል፣ እንዳታስከትተኝ። እሺ ሚስተር ሄድሊ። ለሟች እሺ፣ ለልጅ እሺ፣ ሁለት እሺ አንድ አፍ ውስጥ፣ አንዱ የግድ መሰበር አለበት፣ እና ሟች አቤት ማለት ስለማይችል የእሱን ሰበርኩ። አየህ ጀግንነት።

ፍሪሞንት። ትንሽ ተከፈተ።

በፊት ምን ትሠራ ነበር ብለው ጠየቁኝ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሽማግሌ ከማጠብህ በፊት። ቁጥር አልኳቸው። ምን ዓይነት ቁጥር? ስንቱ ስንት ሆነ የሚል። አዩኝና ከአልጋው ሥር ካርቶን አውጣ አሉ፣ ካርቶኑ ሙሉ ወረቀት፣ ሃምሳ ዓመት የሰበሰቡት፣ የትኛው አውሮፕላን ስንት ጊዜ በረረ፣ ስንት ቶን ጣለ፣ ስንቱ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ገላቸውን ሳጥብ፣ ካልሲ ሳለብስ፣ አጃውን ሳበላ ሒሳብ ነው፣ ብሩክታዊት በበሩ ስታልፍ ጋሼ ሰረቀ ደግሞ ክላስ ጀመሩ ትላለች። ብሩክታዊት የሺፍቱ አለቃ ናት፣ ሠላሳ አራት ዓመቷ፣ እያዘዘችኝ አንቱ የምትለኝ።

ላንካስተር መቶ ሃምሳ ስድስት ሺህ ጊዜ ገደማ በረረ፣ ሃሊፋክስ ሰማንያ ሁለት ሺህ ከምናምን። ላንካስተር ስድስት መቶ ስምንት ሺህ ቶን ጣለ፣ ሃሊፋክስ ሁለት መቶ ሃያ አራት ሺህ። አንድ ላንካስተር እስኪጠፋ መቶ ሰማንያ ሰባት ቶን፣ አንድ ሃሊፋክስ እስኪጠፋ መቶ ሃያ ሁለት። ከፍ ብሎ ይበራል፣ ብዙ ይሸከማል፣ አዛዦቹ ቢወዱት አይፈረድባቸውም፣ እኔም አዛዥ ብሆን እወደው ነበር። ስተርሊንግ የሚሉት ደግሞ ነበረ፣ ምስኪን፣ ትልቅ ሆኖ ክንፉ አጭር፣ ከፍ ማለት የማይሆንለት፣ ስተርሊንጎች አብረው ይሄዳሉ ሲባል የላንካስተር ልጆች ያጨበጭቡ ነበር ይባላል፣ መድፉ ከታች ባሉት ይጠመዳል ብለው። እኛም አጨበጨብን አሉ ሚስተር ሄድሊ፣ ማንኪያው አፋቸው ጋ እንደደረሰ፣ ሰረቀ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ሞስኪቶ የሚባለው የእንጨቱ ብቻ ነበር የማይያዘው፣ ከመቶ አንድ እንኳን አይጠፋም ነበር፣ ሁለት ሰው ይዞ ሽው።

እና የእኔ ነገር፣ የቶኑን ሠንጠረዥ አሳምሬ ሠርቼ፣ በቀለም ለይቼ፣ ላንካስተር አንደኛ ብዬ አመጣሁላቸው፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። አዩት። አውሮፕላን ቆጠርክ አሉ፣ አሁን እኛን ቁጠረን።

ያኔ ነው ያፈርኩት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጆችን መጀመሪያ የምትቆጥረው ምን እንደሆነ ጠይቅ እያልኩ ያስተማርኩ ሰው።

የወደቀውን እንይ። ተመቶ ከወደቀ ላንካስተር ውስጥ ከመቶ ሰው አሥራ አንዱ በሕይወት ወጣ። ከስተርሊንግ አሥራ ሰባት። ከሃሊፋክስ ሃያ ዘጠኝ። ሃያ ዘጠኝ! ወለሉ ላይ ያለው ማምለጫ በር የላንካስተር ሃያ ሁለት ኢንች ነው፣ የሃሊፋክስ ሃያ አራት፣ ሁለት ኢንች፣ ሦስት ጣት፣ አንድ ወጣት በወፍራም የበረራ ልብሱ፣ የመዝለያ ጃንጥላውን ደረቱ ላይ አስሮ፣ በሚሽከረከር ጨለማ ውስጥ በዚያ ይውጣ። ሌላም ምክንያት ይኖራል፣ ሃሊፋክስ ሆዱ ሰፊ ነበር፣ መንቀሳቀሻ ነበረው፣ ግን ሦስቷን ጣት ማን ይረሳታል። ስለዚህ ማባዛት ነው፣ የጠፋውን ባልወጣው፣ ሁለት ነጥብ አንድ በሰማንያ ዘጠኝ፣ ሁለት ነጥብ ሁለት በሰባ አንድ። በላንካስተር ከወጣ ሺህ ሰው በአንድ በረራ አሥራ ዘጠኙ ይሞታል፣ በሃሊፋክስ አሥራ ስድስቱ። ዓመቶቹ በትክክል አይገጥሙም፣ አውቃለሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሃሊፋክሶች ሞተራቸው ደካማ ስለነበር ክፉኛ አልቀዋል፣ ተማሪ ይዞልኝ ቢመጣ ቀይ አስምሬበት እመልሰው ነበር። አስምሩበት። ሦስቱ ሰው ግን ሰው ናቸው፣ እና በቀይ አስምሬም ቢሆን ከዚያ ሠንጠረዥ አልወርድም።

ሚልፒታስ ነኝ፣ ስልኬ ይጮኻል፣ ብሩክታዊት፣ በስፒከር። ጋሼ ሰረቀ የት ደረሱ፣ ፋሚሊው መጥቷል፣ ፕሮግራሙን ይዘዋል አይደል? ይዣለሁ። ብሩክታዊት፣ አውሮፕላኑ ላንካስተር አልነበረም። ጋሼ፣ ተጽፏል እኮ፣ ፕሪንት ሆኗል፣ እርስዎ ነዎት የጻፉት። አዎ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ አጠገቧ ሰው አለ ማለት ነው፣ እባክዎ ፋሚሊ አፕሴት እንዳያደርጉብኝ፣ ያለፈው ወር የነርሷን ነገር ያውቃሉ፣ ለመባረር አንድ ኮምፕሌን ነው የበቃት፣ ያሉትን ብለው ይውረዱ በቃ፣ ለሞተ ሰው ምን ይጨምርለታል? ለሞተ ሰው ምን ይጨምርለታል። እኔም ማክሰኞ ለራሴ ያልኩት ይኼንኑ ነው፣ ቃል በቃል፣ ዛሬ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አለኝ።

ባስልኤል። የአክስቴ ልጅ፣ ከእኔ ጋር ያደገ፣ እኔ ከመጣሁ በሦስተኛው ዓመት እሱም ዲቪ ደርሶት መጣ፣ ዳሊ ሲቲ አንድ ክፍል ተከራይቶ ቀን አንድ ሥራ ማታ አንድ ሥራ፣ ይስቅ ነበር፣ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር፣ በአራተኛው ዓመት በገዛ እጁ ሞተ። እኔ ነኝ ያገኘሁት። እኔ ነኝ የጻፍኩትም። ባደረበት ድንገተኛ ሕመም። ቄሱም ቤተሰቡም አመሰገኑኝ፣ ፍትሐቱ ተፈታ፣ ስሙ ዳነ። እትዬ ወርቂቱ፣ እናቱ፣ ከደሴ ደወሉ፣ ምን በሽታ ነው ልጄ? ልብ ነው አልኩ፣ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነበር፣ ልብ። ከዚያ ወዲህ ታናሹን አብኔርን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱን፣ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ፣ ከልብ ሐኪም ወደ ልብ ሐኪም ያንከራትቱታል፣ ኳስ ከልክለውታል፣ ሩጫ ከልክለውታል፣ ልጁ ምንም የለበትም፣ ልቡ እንደ ሰዓት ነው የሚመታ፣ እሳቸው ግን በዘራችን አለ ይላሉ፣ ሰረቀ ነግሮኛል። ልጁ ባለፈው ብቻውን ደወለልኝ። ጋሽዬ፣ የእኔ ልብ ምን ሆኗል? ለሞተ ሰው ምን ይጨምርለታል ይላሉ። የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው ለሞተ ሰው ነው ያለ ማን ነው? ሟቹ አያነበውም።

ዛሬ እደውላለሁ። ከመድረኩ ስወርድ ለእትዬ ወርቂቱ እደውላለሁ፣ ያልቅሱብኝ፣ ይርገሙኝ፣ ልጁ ኳሱን ይጫወት። ይኼ ተወስኗል፣ ወደ ሌላው።

ቴድ የሚባል ጓደኛ ነበራቸው ሚስተር ሄድሊ፣ አንድ መንደር፣ አንድ የሬዲዮ ትምህርት ቤት፣ እሱን ላንካስተር ላይ መደቡት፣ እሳቸውን ሃሊፋክስ ላይ፣ ቴድ አሾፈባቸው፣ አንተ በጋሪ እኔ በሠረገላ ብሎ። በስድስተኛ በረራው ወደቀ። ከሰባቱ አንድም አልወጣም። ጆአን የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ትምህርት ቤት አባቴ በላንካስተር በርሯል ስትል አስተማሪዋ አስጨበጨበችላት፣ ቤት መጥታ ስትነግራቸው ዝም አሉ፣ ደስ ያላት ልጅ ፊት ምን ይባላል፣ ያ ዝምታ ስልሳ አራት ዓመት ቆየ። ግን የቴድ ነው አሉኝ፣ ምላጩን ከአንገታቸው እስካነሳ ጠብቀው፣ ያ አውሮፕላን የቴድ ነው፣ እሱ የሞተበትን ስም ለብሼ አልቀበርም፣ እኔን ያወጣኝ ጋሪው ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል አልኳቸው በእኛ አባባል፣ ተረጎምኩላቸው፣ ደግመህ በለው አሉ።

ደረስኩ። የመኪና ማቆሚያው ሞልቷል።

አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ሰው ይሆናል፣ ፊት ለፊት የሚስተር ሄድሊ ፎቶ፣ ሃያ ዓመታቸው፣ ጆሯቸው ትልቅ፣ አጠገቡ ከአርበኞቹ ማኅበር በውሰት የመጣ የላንካስተር ሞዴል፣ አራት ሞተር፣ ጥቁር ሆድ፣ ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ አይደለም አላልኩም። ብሩክታዊት ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ታድላለች፣ ፊቴን እያየች፣ ጋሼ፣ ጋሼ፣ በዓይኗ ብቻ። ጆአን አቀፈችኝ፣ የአባቷ ሽታ አላት፣ ያ የላቬንደር ሳሙና፣ በጣም በሚያምር ቃል ጻፍከው አለችኝ፣ ሁለት ጊዜ አለቀስኩ። በጣም በሚያምር ቃል። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ፣ የልጅ ልጅ መጥቶ ወሰዳት።

እንድተወው ይህን ያህል ምክንያት አለ። የቤት ኪራዩ፣ ሺፍቱ፣ ልጅቷ አለቃዬ፣ የእናንተ ሰው በእኛ ሐዘን ላይ ምን አገባው የሚል ፊት። አባትን ለልጁ የሚያርም ማን ነኝ? እኔ የማጥበው ሰው ነኝ። ጀርባቸው ላይ የቃጠሎው ጠባሳ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማውቅ፣ ሦስት ዓመት በእጄ ያለፈ፣ ጆአን ያላየችው። እምቢ። ሰው በሃሊፋክስ ወድቆ በላንካስተር አይቀበርም።

ስሜን ጠሩ፣ አበላሽተው። ወጣሁ። ማይኩ ከፍ ብሏል፣ ዝቅ አደረግኩት። ወረቀቱ በእጄ ነው፣ ዝነኛው፣ ሰማይ፣ ጀግና፣ አጠፍኩት። የያዛችሁትን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩ፣ እና አንድ ቦታ ላይ ዋሽቻለሁ፣ ማንም አላስገደደኝም፣ እኛ ለቀብር ስንጽፍ ማሳመር እንወዳለን። አውሮፕላኑ ላንካስተር አልነበረም። ሃሊፋክስ ነበር። ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ብሩክታዊት ግድግዳው ጋ ዓይኗን ጨፈነች። ጆአንን አላየኋትም፣ ካየኋት እሺ ስለምል ወለሉን አየሁ። ሃሊፋክስ ዝቅ ብሎ ይበር ነበር አልኩ፣ ትንሽ ይሸከም ነበር፣ ዘፈን አልተዘፈነለትም፣ ግን ሲመታ ሰው ያስወጣ ነበር፣ ከመቶ ሃያ ዘጠኝ፣ ሚስተር ሄድሊ ከሃያ ዘጠኞቹ አንዱ ናቸው፣ ጥር 1944፣ በወለሉ በር፣ እጃቸው ተቃጥሎ፣ ጀርባቸው ተቃጥሎ። ይህንን እንድነግራችሁ ለምነውኝ ነበር፣ እሺ ብዬ ካድኳቸው። አሁን ነገርኳችሁ። ቅር ያለው ሰው ቅሬታውን ለእኔ ያምጣ፣ በዚህ ቤት ለሚሠራ ለሌላ ለማንም አይደለም።

የሆነ ሰው ሳለ። አሁን መውረድ ነው።

ውስጡ ስንት ሰው ነበር?

ጆአን ናት፣ ከፊተኛው ወንበር፣ ቆማለች፣ አየኋት፣ ፊቷ ቀልቷል፣ ቁጣ ይሁን ሌላ አልለየሁትም።

ሰባት።

ስንቱ ወጣ?

አራት።

ለእኔ አንድም ቀን አልነገረኝም አለች፣ ለሰው ሁሉ ሳይሆን ለእኔ ብቻ እንደምትናገር፣ ሌሎች እንደነበሩ እንኳን አልነገረኝም። ከዚያ፣ የቀሩትን ሦስቱን፣ ስማቸውን ታውቃለህ?

አውቃለሁ። በየጠዋቱ ያስደግሙኝ ነበር፣ ምላጩ አገጫቸው ሥር ሲደርስ፣ ቢሞቱ የሚያውቅ እንዲኖር። አውቃለሁ ጆአን። ጃክ ፊልዲንግ፣ አብራሪ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ሌሎቹ እስኪወጡ አውሮፕላኑን ይዞ የቆየ። ዊልፍሬድ ሾው፣ ተኳሽ፣ ሃያ ዓመቱ

ቆይ ትለኛለች። ተቀምጣ ቦርሳዋን ትበረብራለች፣ የልጅ ልጇ እስክሪብቶ ያቀብላታል፣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ገልብጣ ባዶ ጀርባውን ታስተካክላለች፣ ስልሳ ሰው ይጠብቃል። ከመጀመሪያው ጀምርልኝ፣ ትላለች፣ ቀስ በል፣ ልጻፋቸው።

ጃክ ፊልዲንግ፣ እላለሁ።